ጆሮው ጠርቶ ዓይኑ ሲደበዝዝ

ልጃቸው ከአሜሪካ በላከላቸው ካሜራ የልጅ ልጃቸውን የክርስትና ዕለት ፎቶ ያነሱ አንድ አያት ሰሞኑን ምክር ጠየቁኝ። በአብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ የሕፃኑ ጆሮና የእናቱ ነጠላ ጥለት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዓይኑ ግን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። አንድ የሰፈር ወጣት ታዲያ «ካሜራው ውስጥ የተደበቀ የጠጋኞች ሜኑ አለ፤ ከፍቼ ላስተካክልልዎት» ብሏቸዋል። ይስጡት ወይስ ይቅርባቸው?

ወጣቱ አልዋሸም። እንዲህ ያለ ሜኑ በብዙ ካሜራዎች ውስጥ አለ፤ ፋብሪካውና ጠጋኞች የሚሠሩበት እንጂ ለባለቤቱ የታሰበ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ፔንታክስ ኬ10ዲ ከያዙ ሰዎች አንዳንዶቹ አንዲት ትንሽ ፋይል ሜሞሪ ካርዱ ላይ ጭነው ይከፍቱት ነበር። ፎከሱን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚገፋው ቁጥር እዚያ ውስጥ ነበርና።

ችግሩ ከየት ይመጣል? መስታወት ያላቸው ካሜራዎች በመመልከቻው ቀዳዳ አይተን ስናነሳ ፎከሱን የሚለኩት ፎቶውን በሚቀዳው ሴንሰር ሳይሆን ከመስታወቱ ሥር ባለ ሌላ ሴንሰር ነው። በሁለቱ መካከል የፀጉር ያህል ልዩነት ካለ ካሜራው «አገኘሁት» ብሎ ጢጥ እያለ ይስታል። መስታወት አልባ ካሜራዎች ላይ ይህ ጣጣ እምብዛም አይታይም።

ደግነቱ ከ2007 ጀምሮ፣ ኒኮን ዲ300ን በመሰሉ ካሜራዎች፣ ማስተካከያው በግልጹ ሜኑ ውስጥ ገብቷል። የእኚህ አያት ካሜራ ኒኮን ዲ7000 ነው። ሴትአፕ ሜኑው ውስጥ «ኤኤፍ ፋይን-ቲዩን» የሚል መስመር አለ፤ ቁጥሩ ከ-20 እስከ +20 ይሄዳል። ጆሮው ከጠራ ፎከሱ ወደ ኋላ አልፏል ማለት ነውና ወደ ቅናሹ በኩል ይሞከራል። ካልተስማማ ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ለወጣቱ «አመሰግናለሁ ልጄ» ማለት ይበቃል።

ግልጽ ማስተካከያ የሌለው ካሜራ ያላችሁስ? የተደበቀው ሜኑ ላይ እኔ አልቸኩልም። ብዙዎቹ መስመሮች ስም የላቸውም፣ ቁጥርና ኮድ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ፋብሪካው ያንኑ አንድ ካሜራ ለክቶ የጻፋቸው አሉበት። የተለመደው «ሪሴት» እነሱን ላይመልስ ይችላል። የግድ ከሆነ ፊታችሁ ይሠራ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ፎቶዎቹ አስቀድመው ኮምፒውተር ላይ ይገልበጡ፣ ምንም ሳይነካ እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሳ። «የትኛውን መስመር ነው የምትነካው? አሁን ቁጥሩ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ የሌለው ልጅ ካሜራውን ባይነካው ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሙከራ ይደረግ። የቡና ፓኬት ጠረጴዛ ላይ አቁሙ፤ ከጎኑ ማስመሪያ አጋድማችሁ አስደግፉ። ካሜራውን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ፎከሱን ፓኬቱ ላይ አድርጉና በመመልከቻው ቀዳዳ አምስት ጊዜ፣ ከዚያም በስክሪኑ አምስት ጊዜ አንሱ። በስክሪኑ የተነሳው ጠርቶ የቀዳዳው ሁልጊዜ ከፓኬቱ ኋላ ያለውን ቁጥር ካጠራ፣ አዎ፣ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ሁለቱም እኩል ከጠሩ ካሜራው ጤነኛ ነው።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ልጁ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳውን 1.8 ላይ ከፍታችሁ ከአንድ ሜትር ርቀት ብታነሱ፣ እንደ ዲ7000 ባለ ካሜራ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስፋት ነው። ሕፃን ደግሞ ጡጦ ባየ ቁጥር ከዚያ በላይ ይወዛወዛል። 5.6 ላይ ብታደርጉት ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ብርሃኑ ስለሚቀንስ ልጁን ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ ፍጥነቱም ከ1/250 ሰከንድ እንዳይዘገይ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ።