የእሑድ ባሕር

ቤይሩት ከተማ ውስጥ ማንም ሰው ሳይከፍል የሚገባበት አንድ የአሸዋ ዳርቻ ቀርቷል፤ ራምሌት አል ባይዳ ይባላል። ከኋላው ባለጸጎች የሚኖሩባቸው ረጃጅም ፎቆች ቆመዋል፣ ከፎቆቹ ሥር ኮርኒሽ የሚሉት የባሕር ዳር መንገድ ያልፋል፣ ከመንገዱ ወረድ ሲባል አሸዋው፣ ከዚያ ሜዲትራንያን ነው። በሞቃቱ ወራት እሑድ እሑድ መቀመጫ አይገኝበትም ይላሉ። ልጆቹን ይዞ የወጣ ሶሪያዊ ስደተኛ አለ፤ የግል መዝናኛ ለመግባት አቅሙ ያልፈቀደለት ሊባኖሳዊ አለ፤ የባንግላዴሽና የፊሊፒንስ ሠራተኞች አሉ። በመካከላቸው ደግሞ እንጀራ በፌስታል፣ ቡና በፔርሙዝ ይዘው፣ ክብ ሠርተው የተቀመጡ የእኛ አገር ሴቶች አሉ።

ይህን የምጽፈው ዋግ ኽምራ፣ ሰቆጣ ሆኜ ነው። ያን ባሕር በዓይኔ አላየሁትም፤ የነገሩኝ እዚያ ሠርተው የተመለሱ ሴቶች ናቸው። በእኛ አካባቢ ወደ ዐረብ አገር ልጅ ያልላከ ሠፈር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ድብደባው፣ ስለ ተቀሙት ፓስፖርት ሲነገር ሰምተናል፤ መነገርም አለበት። ዕረፍታቸውን ግን የሚጠይቃቸው የለም። ሰው ሲመለስ የምንጠይቀው ምን ይዞ እንደመጣ ነው። እኔ የት ታርፉ ነበር ብዬ ጠየቅሁ፤ የብዙዎቹ መልስ ያ ጠባብ አሸዋ ሆነ።

አንዷ በደንብ አጫወተችኝ። ማዳሟ በወር ሁለት እሑድ ትለቃት ነበር። እነዚያን ሁለት ቀናት ለማግኘት ራሱ ዓመት ፈጅቶባታል። ጠዋት ዶራ ወርዳ ጓደኞቿን ታገኛለች፤ ዶራና ጎረቤቱ ቡርጅ ሐሙድ የእኛ ሰው የሚበዛባቸው ሠፈሮች ናቸው፣ በርበሬውም ሽሮውም አይጠፋም። ከዚያ ሰርቪስ የሚባለውን የጋራ ታክሲ ይዘው ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ይገባሉ፣ ማዕበሉ ሲመጣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጮኻሉ። መዋኘት የሚችል በመካከላቸው አልነበረም። ውሃው እግራቸው ላይ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይቀራል። እሷ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችውና አያቷ ትዝ አሏት። አያቷ ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በሰቆጣ ገበያ ያልፍ የነበረውን የአሞሌ ጨው ያወሩላት ነበር።

«ጋሼ፣ ባሕሩ እኮ ለመዋኘት አይደለም» አለችኝ። «ስትጮኺ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ሁሉም ይጮኻል። ልጁ ያለቅሳል፣ ኳስ ይመታል፣ ሙዚቃ ይከፈታል። የሰው መብዛቱ ነው የሚያሳርፍሽ።»

ይህ አነጋገሯ ከራሴ አልወጣ አለ። ስለ ዕረፍት የሚጽፉ ሰዎች ምክራቸው ሁልጊዜ ሕዝብ ከበዛበት ሽሹ፣ ጸጥ ያለውን፣ ራቅ ያለውን ፈልጉ የሚል ነው። ለእሷ ግን ጸጥታው መከራዋ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ብቻዋን ናት፤ የሚያዩዋት ሊያዟት ነው፣ የሚጠሯት ሊልኳት ነው። አሸዋው ላይ ከሺህ ሰው አንዷ ትሆናለች፣ የሚያዛትም የለም። የከተማ መሀል ዳርቻ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በታክሲ ሳንቲም ይደረስበታል፣ ማን ነሽ ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ የለበትም፣ ገንዘብ ያለውና የሌለው አንድ ውሃ ይረግጣሉ።

ዘበኛ ያለባቸውን ዳርቻዎች ታውቃቸዋለች። የሊባኖስ ጠረፍ አብዛኛው በግል መዝናኛዎች የተያዘ ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በአንድ ወቅት 27 የግል የባሕር መዝናኛዎችን አጣርቶ ነበር፤ 17ቱ ከእስያና ከአፍሪካ የመጡ የቤት ሠራተኞች በመዝናኛው እንዳይጠቀሙ ይከለክሉ እንደነበር ደረሰበት። ሠራተኛዋ ከአሠሪዎቿ ጋር ትገባለች፣ ልጆቻቸውን ከገንዳው ዳር ቆማ ትጠብቃለች፤ ገንዳው ውስጥ እግሯን ማስገባት ግን አይፈቀድላትም። በ2012 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ቱሪዝም ሚኒስቴር በዘርና በዜግነት ሰው መለየትን የሚከለክል መመሪያ አወጣ። ከዚያም ወዲህ አቤቱታው አልቆመም። ሰው ከውሃ የሚከለከለው ውሃው ስለማይበቃ አይደለም። ባሕር መቼ አንሶ ያውቃል? አንዷ እንደ ዕቃ ካልታየች ሌላዋ እንደ እመቤት አልታይም ብላ ስለምታስብ ነው። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ቁጣ አልደብቅም።

የሚገርመው ሕጉ ጥሩ መሆኑ ነው። ሊባኖስ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ሳለች፣ በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣው ውሳኔ ቁጥር 144 በክረምት ማዕበሉ እስከሚደርስበት እስከ መጨረሻው ጫፍ ያለው ዳርቻ የሕዝብ ነው ይላል። መለኪያው ባሕሩ ሲርቅ ያለው ቦታ ሳይሆን ሲቆጣ የሚደርስበት ነው። ሕጉ እያለ ዳርቻው ቀስ በቀስ በሊዝ፣ በልዩ ፈቃድ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ደግሞ በጉልበት ታጠረ። ራምሌት አል ባይዳ ላይ እንኳ ከአሸዋው ደቡብ ጫፍ ትልቅ ሆቴል ሲሠራ የከተማዋ ነዋሪዎች ሰልፍ ወጥተዋል፣ ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ሆቴሉ ግን ተሠራ። በተረፈው አሸዋ ላይ የከተማው ፍሳሽ ይለቀቅበታል፤ የአገሪቱ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ውሃው ለዋና እንደማይሆን ደጋግሞ አስታውቋል። ለድሃ የተረፈው ይኸው ነው፤ እሱም ይወደዳል።

በ2020 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄደዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ በደቡብ ሊባኖስ የነበረው ጦርነት ሲብስ ከዚያ የተፈናቀለው ሕዝብ ኮርኒሹ ላይና አሸዋው ላይ አደረ፤ መጠለያ የተከለከሉ የውጭ አገር ሠራተኞችም ሜዳ ላይ ቀሩ። እዚሁ ዋግ፣ በወለህ መጠለያ የኖሩትን የአበርገሌን የጦርነት ተፈናቃዮች ለምናውቅ ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ክፍት ቦታ ለዕረፍት ብቻ አይፈለግም፤ የሚገቡበት በር ሲጠፋ የሚቀረው እሱ ነው።

የዋግ ሴት ልጅ ክፍት ቦታ ምን እንደሆነ ታውቃለች። እዚያ በጋ በሚሆንበት በነሐሴ፣ እኛ ጭጋግና ዝናብ ውስጥ ሆነን የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ይገባል። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለቀናት፣ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ኩል ተኩለው፣ የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። በሌላው ጊዜ ውሃ ቅጅ፣ እንጨት ልቀሚ፣ ከብት መልሺ የምትባለዋ ልጅ በእነዚያ ቀናት አትታዘዝም። መንገዱም አደባባዩም የእሷ ነው። ሰቆጣ መሀል ላይ ሰው ይጠብባል፣ ጭፈራው በጭፈራ ላይ ይደራረባል፣ ላገኘችው ሰው ሁሉ ዘፍና ትሸለማለች። የቤይሩቷን እሑድ የነገረችኝ ሴት በዚህ ያደገች ናት። አሸዋው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው የጮኹት ሴቶች ያን ነገር ከየትም አልተማሩትም፤ ከነሐሴ የመጣ ነው። ስለዚህ ሻደይን በመድረክና በክብር እንግዳ ወንበር እያጠበብነው እንዳንሄድ እሠጋለሁ። ሻደይ በወንበር ተደርድሮ የሚታይ ትርዒት ከሆነ አደባባዩ ከልጆቹ እጅ ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ስለ ራሳችን ውሃ እንነጋገር። ዋግ ባሕር የለውም ይባላል፤ ሐይቅ ግን አለው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2009 እ.ኤ.አ. ተጠናቅቆ ኃይል መስጠት ከጀመረ ወዲህ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ በኩል አባቶቻችን ያላወቁት ዳርቻ ተፈጥሯል። ውሃው ጥልቅ ገደል ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ ዳሩ ወበቅ ነው፣ ደጋው ሰቆጣ ላይ ጋቢ ተደርቦ እዚያ ሸሚዝ ይከብዳል። ወጣቶች ተደራጅተው ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ። አዞ አለበት፣ ጉማሬ አለበት፣ ሕይወት አድን ጃኬት በሌለው ጀልባ መሻገር ያስፈራል። የእኛው አገር ጦርነትም ያን አካባቢ ክፉኛ ጎድቶታል። ለመዝናናት ጊዜው አሁን ነው ወይ የሚል ሰው ቢኖር ይገባኛል።

ሰላም ሲጸና ግን ባለሀብት ይመጣል፤ ይምጣም። ሎጅ ይሠራል፣ ጀልባ ያመጣል፣ ሥራ ይፈጥራል። ያኔ ዳርቻው የማን እንደሆነ ለመወሰን ከተነሣን ዘግይተናል፤ አጥር ከታጠረ በኋላ ማፍረስ ስንት እንደሚያስከፍል ሊባኖሶችን መጠየቅ ነው። የሰው ሠራሽ ሐይቅ ጠባይ ደግሞ ከባሕርም የባሰ ነው። ክረምት ሞልቶ ይወጣል፣ በበጋ ተርባይኑ ሲጠጣው እጅግ ወርዶ ሰፊ ደረቅ መሬት ይተዋል። በግንቦት ሄዶ ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ የለካ ሰው በመስከረም የለካው ሁሉ ውሃ ሥር ሆኖ ያገኘዋል፤ በላዩ ያለውን መሬት ባለ ሎጁ ከያዘው ለሕዝብ የሚተርፍ አንድ ክንድ አይኖርም። ስለዚህ መለኪያው ሐይቁ ሞልቶ የሚደርስበት ከፍተኛው መስመር ይሁን። ከዚያ መስመር በላይ፣ ቢያንስ ሰው ከነልጁ፣ ዓሣ አስጋሪው ከነመረቡ፣ እረኛው ከነከብቱ የሚያልፍበት መሬት ለማንም በሊዝ እንዳይሰጥ የብሔረሰብ አስተዳደሩ ምክር ቤት አሁን ይወስን። ከሰቆጣ የሚነሣ የሕዝብ መኪና የሚደርስበት አንድ ቦታ ተመርጦ፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ ይተከልበት፣ አዞው የማይደፍረው የውሃ ጠርዝ ይከለልበት።

ያች ሴት አሁን ሰቆጣ ውስጥ ቡና ታፈላለች። ስለ ሐይቁ ሳነሣባት መጀመሪያ የጠየቀችኝ የመሬቱን ነገር አልነበረም፤ መኪናው ስንት ያስከፍላል አለችኝ። ቀጥላም፣ እሑድ እሑድ የሚሄድ ከሆነ የተጠበሰ ዓሣና ቡና ይዛ እንደምትወርድ፣ መነሻ የሚሆናት ሁለት ረከቦትና አንድ መጥበሻ እንዳላት ነገረችኝ። ወረዳው ለዳስ የሚሆን ቦታ ይሰጣት እንደሆን ጠይቅልኝ ብላኛለች።