«ሰጪው» እና «ተወው ይረሳ» ባዮች

ይሄኛው ረዘም ይላል። ቡና ከቀረበ አቦሉን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ የዕለቱ ትምህርት ቶሎ አለቀና አሥር ደቂቃ ተረፈኝ። ደወል እስኪደወል ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብዬ አንድ ልብ ወለድ ተረክሁላቸው። «ዘ ጊቨር» ይባላል፤ እኛ «ሰጪው» እንበለው። ሎይስ ሎውሪ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ በ1993 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች የጻፈችው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። በ2014 ፊልም ስለሆነ አንዳንዶቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። (ፊልሙ መጽሐፉን አያክልም። የእንግሊዝኛ መምህር ሁሌ የሚላት ነገር ናት፣ ይቅር በሉኝ።)

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጦርነት የሌለበት፣ ረሃብ የሌለበት፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለበት መንደር አለ። ግን ቀለም የለም፣ ኮረብታ የለም። ሥራህንም ሚስትህንም የሚመርጡልህ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰላሙ የተገኘው ሕዝቡ የድሮ ትዝታ እንዳይኖረው ተደርጎ ነው። ትዝታው ሁሉ፣ ደስታውም ጦርነቱም፣ አንድ አዛውንት ዘንድ ብቻ ተቀምጧል። ዮናስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ተተኪያቸው እንዲሆን ይመረጣል። አዛውንቱም እጃቸውን ጀርባው ላይ እያሳረፉ ትዝታውን አንድ በአንድ ያስተላልፉለታል።

እዚህ ላይ ቆም አልኩና ልጆቹን ጠየቅኋቸው፦ «በጣም የሚያማችሁን ትዝታ የሚያጠፋ ክኒን ቢኖር ትውጡታላችሁ?» ከክፍሉ ከግማሽ በላይ እጁን አወጣ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ ግን «ቲቸር፣ አባቴ የሞተበትን ቀን ካጠፋሁት አባቴንስ በምን አስታውሰዋለሁ? እኔ የማስታውሰው እኮ ያቺን ቀን ብቻ ነው» አለች። ወዲያው ተደወለ። ማንም ቶሎ አልተነሳም።

በማግስቱ አንድ ባልደረባዬ ሻይ ቤት ጠርቶ መከረኝ። ከዚያ ደግሞ አንድ ወላጅ ደወሉ። የሁለቱም ነገር አንድ ነው፦ «ልጆቹ ሰላም ናቸው፤ ለምን ቁስል ትነካካለህ? ያለፈው አልፏል፣ ተወው ይረሳ። ደግሞ የፈረንጅ ተረት ለኛ ምን ያደርጋል?» ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ወላጁንማ አከብራቸዋለሁ፤ ለዚህ ነው ስልኩ ላይ «እሺ ጋሼ» ብዬ የዘጋሁት። ግን እሺ አላልኩም። መልሴ ይሄውና።

የፈረንጅ ተረት የምትለዋን ቶሎ ልጨርሳት። ከአራቱ ቅኝቶቹ አንዱን «ትዝታ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ስለ ትዝታ የተጻፈ መጽሐፍ አይመለከተኝም ቢል ማሲንቆው ራሱ ይስቅበታል። ደራሲዋም መጽሐፉን ከሰማይ አላወረደችውም። አባቷ አርጅተው ትዝታቸው ሲከዳቸው፣ በወጣትነቷ የሞተች ልጃቸውን ፎቶ እያዩ ምን ሆነች ብለው ይጠይቁ ነበር። ሲነገራቸው ያዝናሉ፣ ተመልሰው ይረሱታል። መርሳት እረፍት ይሆን እንዴ የሚለው ጥያቄ የመጣባት ከዚያ ነው። እንዲህ ያለ አያት እናንተ ቤት የለም?

አሁን ወደ ዋናው። «ይረሳ» የሚሉ ሰዎች ያልተነገረ ነገር የጠፋ ይመስላቸዋል። መጽሐፉ ውስጥ ከዮናስ በፊት ሮዝመሪ የምትባል ልጅ ተመርጣ ነበር። ሐዘኑን አልቻለችውምና በአምስት ሳምንቷ ስንብት ጠየቀች፤ ስንብት እዚያ አገር መሞት ነው። እሷ ስትሄድ የተቀበለችው ትዝታ አብሯት አልጠፋም። ተመልሶ በሕዝቡ ላይ ወረደ። ሕዝቡም ሐዘን ምን እንደሆነ አያውቅምና የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። የአምስት ሳምንት ትዝታ ብቻ እኮ ነው!

አሁን ከኛው ሰፈር ልምጣ። ሰው እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ።

ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እወደዋለሁ። የእንጨት ሥራውን፣ ሰፊውን በረንዳ፣ ከላይ ሆኖ ጅማን ማየቱን። ተማሪ ይዤ ወጥቻለሁ፣ እኔም ፎቶ ተነስቻለሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምረው እንደነገሡ፣ ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ከጦርነት እንዳዳኑ፣ ቁመታቸው ከሰው ሁሉ እንደሚበልጥ እንነግራቸዋለን። ልክ ነው፣ ይነገር። ግን ያኔ ሂርማታ ገበያ ላይ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው ይሸጥ እንደነበር ስንቶቻችን ለልጅ ነግረናል? ጅማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የባሪያ ንግድ መናኸሪያ ነበረች። ይሄን ነጋዴው ያውቀዋል፣ የታሪክ መምህሩ ያውቀዋል፣ ጊንጆ ያሉት አዛውንት ጎረቤቴም ያውቁታል። «ሀጂ፣ ለልጆቹ ለምን አይነግሯቸውም?» ስላቸው ቡናቸውን ፉት አሉና «ጥሩ ነገር ሳለ?» አሉኝ።

አልተረሳም እኮ! ጋብቻ ሲታሰብ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ሹክሹክታ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ሻጭ ቤት ሊረሳ ይችላል፤ የተሸጠው ቤት ግን አልረሳም። ትዝታውን ከክፍል ስላስወጣነው ስድብ ሆኖ በጓሮ ገባ።

ሌላም አለ። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል በ2012 ዓ.ም. ምን ያህል እንዳጨቃጨቀ ታስታውሳላችሁ። ትልልቅ ምሁራን ያልተስማሙበትን እኔ ባለዲፕሎማው አልፈታውም። ግን ትልልቆቹ እስኪስማሙ ልጁ ባዶ ጭንቅላት ይዞ የሚጠብቅ ይመስላችኋል? ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልኩን ይከፍታል። አንዱ የሱ ወገን የተበደለውን ብቻ ይሰጠዋል፣ ሌላው የዚያኛው ወገን የበደለውን ብቻ። የሎውሪ መንደር አንድ ሰጪ ነበረው፣ ሁሉን የያዘ። የኛ ልጆች ሺህ ሰጪ አላቸው፤ እያንዳንዱ ግማሹን ይዞ። ከዚያ ጠዋት ክፍል መጥቶ ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ በሌላ ዓይን ሲያየው «ይሄ ትውልድ ምን ነካው?» እንላለን።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። ባልደረባዬ «ልጅ ሁሉን አይችልም» ያለው እውነት ነው። አዛውንቱም እኮ በመጀመሪያው ቀን ለዮናስ ጦርነት አልሰጡትም። መጀመሪያ የሰጡት በበረዶ ላይ በሸርተቴ መንሸራተትን ነው፣ ደስታን። ቀጥሎ የፀሐይ ቃጠሎ፣ ቀስ እያለ ሌላው። ሕመሙ ሲበዛበት ደግሞ ጥሩ ትዝታ እያቀበሉ ያሳርፉታል። ማስተማር የምለው ይሄንን ነው። ልጁ ዕድሜው እስኪደርስ ማቆየት አንድ ነገር ነው፣ ጭራሽ መካድ ሌላ።

ትዝታ የሌለው ሰው ደግ ይሆናል ለሚሉኝ ደግሞ አንድ ቦታ ልጥቀስ። የዮናስ አባት ሕፃናት የሚንከባከብ፣ የተወደደ ሰው ነው። መንታ ሲወለድ ግን ክብደቱ ያነሰውን በመርፌ ይገድለዋል፤ እያባበለ፣ ድምፁን ሳይቀይር። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሞት ምን እንደሆነ አያውቅም፣ የሚነግረውም የለም። ያን ገጽ ሳነብ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ ልጄ የተኛበት ሄጄ ትንፋሹን አዳመጥኩ።

በነገራችን ላይ ይሄ መጽሐፍ አሜሪካም ወላጅ ተነስቶበታል። በ1990ዎቹ ከትምህርት ቤት ይውጣልን እየተባለ በብዛት አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት አንዱ ነበር። ስለዚህ ጋሼ፣ ብቻዎን አይደሉም። እኔም ብቻዬን አይደለሁም።

ሐሙስ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ እዚያው ክፍል እገባለሁ፤ ታሪኩን የምጨርሰው ያኔ ነው። የደወሉልኝ ወላጅ መጥተው ከኋላ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል፣ ወንበር አዘጋጃለሁ። ያቺን ልጅ በክፍል ፊት አልጠይቃትም፤ የምትለው ካላት ራሷ ትበል።

የድሮ ተማሪዎቼ፦ ያለኝ አንድ ኮፒ ነው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ። ቀድሞ ኢንቦክስ ያደረገ ይወስደዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት «የእንስሳት እርሻ»ን ወስደህ ያልመለስከው ልጅ፣ አንተ ተራ አትያዝ።