የፓርቲ ቃልና የመራጭ ልብ

ሰው አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ የሚቀበለው ሁልጊዜ ነገሩን በራሱ መርምሮ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የነገረውን ሰው ስለሚያምን ነው። ልጅ ከአባቱ፥ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ፥ በሽተኛ ከሐኪሙ የሰማውን ያምናል፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ትምህርትም ሕክምናም ቤተሰብም ጸንተው ባልቆሙ ነበር። ነገር ግን ይህ መልካም ጠባይ በምርጫ ወራት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ በዚያን ጊዜ የሚናገሩት ሰዎች ስለ እውነት ብቻ ሳይሆን ስለ ሥልጣንም ይናገራሉና። ስለዚህ መራጩ የሰማውን ቃል ከመቀበሉ በፊት «ይህን ያለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃውም፤ «ያለው ነገር ምንድር ነው? ማስረጃውስ የት አለ?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ እንዲሆነን የካፋን ጉዳይ እናንሣ። የካፋ ሕዝብ ስለ አስተዳደሩ መምከርን ትናንት የጀመረ ሕዝብ አይደለም። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. ተይዘው የካፋ መንግሥት እስኪያልፍ ድረስ፥ ንጉሡ ሚክሬቾ ከተባለው የአማካሪዎች ጉባኤ ጋር ይመክሩ ነበር። በዘመናችንም ይኸው ሕዝብ ስለ ራሱ አስተዳደር ሁለት ታላላቅ ነገሮች ሲነገሩ ሰምቷል።

የመጀመሪያው በ2011 ዓ.ም. የተሰማው ነው፤ የካፋ ዞን ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ዞኑ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ወስኖ ጥያቄውን አቀረበ። የዚያ ጊዜ ቃል ካፋ ለብቻው ይቁም የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ በተጠራ ጊዜ፥ የቀረበለት ጥያቄ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ካፋ ከሸካ፥ ከቤንች ሸኮ፥ ከዳውሮና ከምዕራብ ኦሞ ዞኖች እንዲሁም ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር አንድ ክልል ይሁን ወይስ በነበረበት በደቡብ ክልል ይቆይ የሚል ነው። በስድስቱም አስተዳደሮች ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ አንድ እንሁን ብሎ መረጠ፤ ይህም ከመቶው ዘጠና ስምንት ያህል ነው። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በቦንጋ ተመሠረተ፤ የክልሉም መቀመጫ በቦንጋ፥ በተርጫ፥ በሚዛን አማንና በቴፒ ከተሞች ተከፈለ።

እንግዲህ ለብቻችን እንቁም ከሚለው አሳብ በኅብረት እንቁም ወደሚለው አሳብ መሻገሩ በራሱ ነውር አይደለም። አሳብን በምክንያት መለወጥ የዐዋቂ ሰው ሥራ ነው። ለኅብረቱም ምክንያት አልታጣለትም፤ በቡናና በማር፥ በደንና በመንገድ ጉዳይ እነዚህ አገሮች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከሐዋሳም ርቀው ይኖሩ ነበርና ለአንድ አቤቱታ የብዙ ቀን መንገድ መሄድ ድካም ሆኖባቸው ነበር። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። መራጩ ከፊተኛው አሳብ ወደ ኋለኛው የተሻገረው ምክንያቱን ዐውቆ በእግሩ ነውን? ወይስ የሚከተላቸው ሰዎች ስለ ተሻገሩ ብቻ ተሸክመውት ነውን? ገዢው ፓርቲም የዞኖቹም አስተዳደር በአንድ ወገን በቆሙበት ጊዜ «አይሆንም» የሚለው ሰው ምክንያት በአደባባይ ተመዝኖ ካልታየ፥ «ይሁን» ያለውም ሰው የራሱን ምክንያት ጥንካሬ ሊያውቀው አይችልም። ወርቅ የሚታወቀው በእሳት ሲፈተን ነውና።

የፓርቲ ቃል ወደ መራጩ ልብ የሚገባባቸው በሮች ብዙዎች ቢሆኑም ሦስቱን መጥቀስ ይበቃል።

አንደኛው በር ምልክት ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ ንብን፥ ቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣትን ምልክት አድርገው ቀረቡ። በካፋ ደን ውስጥ ቀፎ ሰቅሎ በማር ለሚተዳደር ሰው፥ ንብ ምን ማለት እንደ ሆነች የሚያስረዳ ሰባኪ አያስፈልገውም። በ2013ቱ ምርጫም ብልጽግና ፓርቲ አምፖልን፥ ኢዜማ ሚዛንን ያዙ፤ መብራት ላልገባለት ቀበሌ አምፖል ተስፋ ነው፤ ፍርድ ለተጓደለበትም ሰው ሚዛን ተስፋ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ በተደረገው ውሳኔ ሕዝብ፥ ክልል እንሁን ለሚለው ሻፌታ የተባለው የአገሩ መመገቢያ ዕቃ፥ በነበርንበት እንቆይ ለሚለው ጎጆ ምልክት ሆኖ ነበር። ምልክቱ ማንበብ ለማይችለው ወገን ታላቅ ርዳታ ነውና አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ንብ ስለ ግብር አትናገርም፤ አምፖልም ስለ መሬት ሕግ አይመልስም። ምልክቱን አይቶ ልቡ የሞቀለት ሰው፥ ከምልክቱ በስተኋላ ያለውን ፕሮግራም ገና አልሰማም።

ሁለተኛው በር ፍርሃት ነው። በዚያው በ1997 ዓ.ም. የገዢው ፓርቲ ሰዎች ተቃዋሚዎቻቸውን በሩዋንዳ ሕዝብ ካስፈጀው ከኢንተርሃምዌ ጋር እያመሳሰሉ ተናገሩ። ይህን የሰማ መራጭ ስለ ሁለት ፓርቲዎች አሳብ መምከሩን ትቶ ስለ ነፍሱ ማሰብ ይጀምራል። ጎረቤቱንም እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ ጠላት ይመለከታል። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ለዚያ ደም ምክንያቱ አንድ ንግግር ብቻ ነው ባንልም፥ እንደዚያ ያለ ንግግር ልብን ለቂም የሚያዘጋጅ መሆኑን ማንም አይክደውም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበረታው በር የታመነ ሰው ነው። በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ግዛት፥ ኢሪ በተባለች አውራጃ፥ እ.ኤ.አ. በ1940 ፖል ላዛርስፌልድ የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በምርጫ ወራት የመራጮችን አሳብ በየጊዜው እየጠየቀ መርምሮ ነበር። ያገኘውም ነገር ብዙዎችን አስደነቀ። የምርጫ ቅስቀሳ ከአንዱ ተወዳዳሪ ወደ ሌላው ያዞራቸው ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኛውን ሰው ግን ቀድሞ በነበረበት አሳብ አጸናው። ደግሞም ከጋዜጣና ከራዲዮ ይልቅ የመራጩን ልብ ያንቀሳቀሰው፥ ያ ሰው በመንደሩ የሚያከብረው፥ ነገር ዐዋቂ ነው የሚባለው ጎረቤቱ ነበር። ይህ ነገር ለካፋም እንግዳ አይደለም። ሽማግሌው ከለቅሶ ቤት፥ ካህኑ ከደጀ ሰላም፥ የቀበሌው ሹም ከስብሰባ የሚናገሩት ቃል ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ጠልቆ ይገባል።

እንዲህ ከሆነ ዘንድ ነገሩ የሚመለከተው ይህን ጽሑፍ የምታነቡትን እናንተን ነው። ሹማምንትና ካህናት ሆይ፥ ሕዝቡ የፓርቲውን ቃል የሚሰማው በእናንተ አፍ ነው። በሕጉ በኩል የሚገባው ተደርጓል፤ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የምርጫን ሥነ ምግባር ደንግጓል፤ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉትም ጥቂት ቀኖች ቅስቀሳ የማይደረግባቸው የጥሞና ቀኖች ሆነዋል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ወጥቷል። ሆኖም ሕግ የተናጋሪውን ምላስ ሊገታ ይችል ይሆናል እንጂ የሰሚውን ልቡና ሊያነቃ አይችልም። ይህ የመምህራን ሥራ ነው።

ሹም በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሁሉ አገልጋይ ነው። ማዳበሪያና የርዳታ እህል የሚያድለው እጅ የአንድ ፓርቲ ወረቀት የሚያድል እጅ ከሆነ፥ ገበሬው ሁለቱን ለይቶ ሊያይ አይችልም፤ ያመነውም ወዶ ነው ወይስ ፈርቶ ነው ብሎ መለየት ያስቸግራል። ካህንም በመቅደሱ ፓርቲን ከሰበከ፥ ምእመኑ ፓርቲውን መቃወም እምነቱን መቃወም ይመስለዋል። የካህን ድርሻ እገሌን ምረጡ ማለት ሳይሆን እንዴት መመርመር እንደሚገባ ማስተማር ነው። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው፥ የቤርያ ሰዎች ሐዋርያው የነገራቸውን በደስታ ተቀብለው ሳለ፥ ነገሩ እንዲሁ እንደ ሆነ መጻሕፍትን ዕለት ዕለት ይመረምሩ ነበርና ስለዚህ ተመሰገኑ። የሐዋርያ ቃል ተመርምሮ ነውር ካልሆነ፥ የተወዳዳሪ ቃል መመርመሩ እንዴት ነውር ይሆናል?

እኛም በመንግሥት ጋዜጣ የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ ወቀሳ ውጭ አይደለንም። የምንጽፍበት ወረቀትና ቀለም ገዢውን ፓርቲ ከመረጠውም ተቃዋሚውን ከመረጠውም ሰው በተሰበሰበ ግብር የተገዛ ነው። የአንዱን ተስፋ በትልቅ ፊደል፥ የሌላውን መልስ በማዕዘን ያተምን እንደ ሆነ፥ ዋሽተን ባንገኝም እንኳ አድልተን እንገኛለን።

ከዚህ በኋላ አንድ ቀላል ሥራ እናሳስባለን። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፥ በምርጫ ወራት ብቻ የሚታይ ሰው የፊቱን ተስፋ የሚያስታውስበት ሰው የለም ብሎ ያስባል። ስለዚህ በየቀበሌው መጻፍ የሚችል፥ የማናቸውም ፓርቲ አባል ያልሆነ፥ ሕዝብ የሚያምነው ሰው ተመርጦ፥ ተወዳዳሪዎች ሁሉ በአደባባይ የሚሰጡትን ተስፋ ከነቀኑና ከነስማቸው በመዝገብ ይጻፍ። ይህን ያህል መንገድ እንሠራለን፥ ይህን ያህል ሐኪም ቤት እንከፍታለን፥ ለወጣቱ ሥራ እናገኛለን የተባለው ሁሉ የአንዱም ወገን ሳይቀር ይመዝገብ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም፥ መዝገቡ በአማርኛና በካፊ ኖኖ ይጻፍ፤ አምስት ዓመት ሲሞላም ሽማግሎች በተሰበሰቡበት ከፍ ባለ ድምፅ ይነበብ። ክልሉ በተመሠረተ ጊዜ የተነገረው ተስፋም በዚሁ ዐይነት ይነበብ፤ የተፈጸመው ይመስገን፥ ያልተፈጸመው ይጠየቅ።

በካፋ አገር ቡና የሚያፈላ ሰው፥ ፍሬውን ከመቁላቱ በፊት በሰፌድ አበጥሮና ለቅሞ ድንጋዩን ያወጣል፤ ይህን የሚያደርገው ቡናውን ስለ ናቀ ሳይሆን ስለሚጠጣው ነው። የፓርቲውንም ቃል እንዲሁ አበጥሮ መቀበል ፓርቲን መናቅ አይደለም። ድምፅን የሰጠ ሰው የሚኖረው በሰጠው ድምፅ ፍሬ ነውና፥ ከመስጠቱ በፊት ይልቀም።