የፍርድ ቤት በር አይቆለፍ



«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ብዕር ያነሣንበት ጉዳይ ይህን ምሳሌ ያስታውሰናል። ይኸውም፥ ሕግ አውጪ ምክር ቤት «ይህን የመሰለውን የጋብቻ ጉዳይ ዳኛ አይየው» ብሎ ለመደንገግ ይገባዋልን? የሚል ነው።

ነገሩ ገሃድ ሆኖ የታየው በአሜሪካ ነው። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ጾታ ያላቸው ሰዎች እንዳይጋቡ መከልከሉ የዚያን ክፍለ ሀገር ሕገ መንግሥት ይቃረናል ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ233 ድምፅ ለ194 አንድ ረቂቅ አሳለፈ። አንዱ ክፍለ ሀገር በሌላው የተፈጸመውን እንዲህ ያለ ጋብቻ አልቀበልም እንዲል የሚፈቅድ ሕግ አስቀድሞ ወጥቶ ነበርና፥ ረቂቁ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳይቀር፥ ያንን ሕግ እንዳይመረምሩ የሚከለክል ነበር። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስላላጸደቀው ሕግ ሳይሆን ቀረ። ልብ እንበል፤ የረቂቁ ደጋፊዎች «ሕጋችን ትክክል ነውና በችሎት እንርታ» አላሉም፤ «ጠያቂ አይኑር» አሉ እንጂ።

በአገራችን በዚህ ዐይነቱ ጋብቻ ላይ በሕግ የተነሣ ክርክር የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 629 አንድ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚደረገውን ግብረ ሥጋ ይቀጣል፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ጋብቻን ሲተረጉም የሚናገረው ስለ ወንድና ሴት ነው። እኛም ይህን ለማከራከር አልተነሣንም። ታዲያ ምን አገባን? የሚለን ቢኖር፥ በር መቆለፉ በእኛም ቤት የታወቀ ስለሆነ ነው እንላለን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና የሚስትን ጠብና ፍቺ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ። ፍርድ ቤት የሽማግሌዎቹን ውሳኔ ሊነካ የሚችለው፥ ጉቦ ሲገባበት፥ የሌላ ሰው ተንኰል ሲታከልበት፥ ወይም ውሳኔው ሕግ የጣሰና ከሚዛን የወጣ ሲሆን ብቻ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የባል ወዳጆች የሆኑባት ሚስት አቤት የምትልበት ደጅ ጠበባት። አርባ ዓመት አልፎ በ1992 ዓ.ም. ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ተመለሰ። በጋብቻ ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ በ1993 ዓ.ም. ፍርድ ቤት አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ቢለቅ፥ እርሳቸው እንደገና ተይዘው፥ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል አዋጅ ወዲያው ታወጀ። ዳኛው ከፈረደ በኋላ ሕጉ ተለወጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጋምቤላችን እንመለስ። የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልል ሥልጣን ስለሆነ፥ ጉዳዩ ከባሮ ዳር የራቀ አይደለም። እንግሊዛዊው የባህል ተመራማሪ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በሱዳን በኩል ያሉትን ኑዌሮች አጥንቶ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ልማድ ጽፏል። ልጅ ያልወለደች ሴት ከብት ሰጥታ፥ በወጉ ሌላ ሴት ታገባለች። ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የተመረጠ ወንድ ያስወልዳል፤ ልጆቹ ግን የከብት ሰጪዋ ናቸው፤ «አባት» የሚሏትም እርሷን ነው። ይህ ዘር ለመትከል የተሠራ ሥርዓት እንጂ የአልጋ ጉዳይ አይደለም፤ ማንም ከአሜሪካው ጋር እንዳያምታታው።

እንግዲህ አንድ ምክር ቤት ከሩቅ አገር በሰማው ወሬ ደንግጦ፥ «በሁለት ሴቶች መካከል የተደረገ ማናቸውም ጋብቻ በፍርድ ቤት አይሰማ» ብሎ ቢደነግግ ምን ይሆናል? ከብት ሰጪዋ በሞተች ጊዜ ከብቱ የማን ነው? ልጁስ ማንን ይወርሳል? የወንድሞቿ ልጆች መጥተው በረቱን ባዶ ቢያደርጉት፥ ያቺ ሴትና ልጇ በማን ደጅ «በሕግ አምላክ» ይበሉ? ሕጉን ያወጡት ሰዎች እነርሱን አስበውም አያውቁም፤ የተቆለፈባቸው ግን እነርሱ ናቸው።

«ሽማግሌ ይዳኛቸው» የሚል አይጠፋም። ሽማግሌን እናከብራለን። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የባህልና የሃይማኖት ዳኝነትን የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1996 ዓ.ም. አንዲት ሴት ፈቃዷን ሳትሰጥ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ልትዳኝ አይገባም ብሎ ወስኗል። አንዱ ወገን እንቢ ካለ የሚቀረው መደበኛው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

«ዳኛ በሕዝብ አልተመረጠም» ለሚሉም መልስ አለን። ምክር ቤት ጋብቻ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በሕግ ይናገር፤ ሥልጣኑ ነው። ያ ሕግ በእገሊት ላይ እንዴት እንደሚውል መፍረድ ግን የዳኛ ነው። አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ማቅረብን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎታል፤ አንቀጽ 79ም ዳኝነትን ለፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። ሕገ መንግሥቱን መተርጐም እንኳ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቶ፥ የዳኞቻችን ድርሻ ከሌላው አገር ያነሰ ነው። ካነሰው ላይ ደግሞ መቁረጥ ምን ይሉታል?

ዳኛ ጉዳዩን ሰማ ማለት ጋብቻውን አጸደቀ ማለት አይደለም። «ይህ ጋብቻ በሕግ አይጸናም» ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ያን ጊዜም ቢሆን የልጁንና የከብቱን ነገር ይቈርጣል። የተረታ ሰው ይግባኝ ይላል፤ ያልተሰማ ሰው ግን ወይ ጦር ያነሣል፥ ወይ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። የከብት ጠብ ደም እንደሚያፈስ በጋምቤላ ለምንኖር ነጋሪ አያሻንም።

ስለዚህ ጓደኞች፤ የምንጠላውን ነገር ለመከልከል ተብሎ የፍርድ ቤትን ሥልጣን የሚቀንስ ረቂቅ በየትም ቢቀርብ፥ አስቀድመን «በውጭ የሚቀረው ማነው?» ብለን እንጠይቅ። ዛሬ በሌላው ላይ ሲቆለፍ ያጨበጨብንለት በር፥ ነገ እኛ ስናንኳኳ አይከፈትም።