ተሸናፊ ወረፋ ይያዝ

ኡሲክ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ለከባድ ሚዛን ቀበቶ አራት ጊዜ ተጋጠመ። ተጋጣሚዎቹ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ዱብዋ ሁለቴ፣ ፊዩሪ ሁለቴ። ዱብዋስ እሺ፣ ጆሹዋን ዘርሮ ነው የተመለሰው። ፊዩሪን በዲሴምበር 2024 ሪያድ ላይ ዳግም ያቆመው ግን ድል ሳይሆን የውል አንቀጽ ነው።

ያቺ ምሽት የጀርመናዊው አጊት ካባየል መሆን ነበረባት። እዚያው ሪያድ ማክሙዶቭንና ሳንቼዝን፣ ሁለቱንም ሽንፈት ሳያውቁ፣ ሆዳቸውን እየመታ አስቁሟቸዋል። ቆይቶ ግዙፉን ዣንግንም በስድስተኛው ዙር ደገመው።

«ስሙ ትኬት አይሸጥም» ትሉኛላችሁ። ታዲያ ዕድል የተነፈገ ሰው ስም ከየት ያምጣ? ከገበያ ይግዛ? ያሸነፈ ይቅረብ፤ የተሸነፈ ወደ ኋላ ሄዶ ይሰለፍ።