ባትሪው ነው ወይስ እንቅልፉ?

ሶማሌ ተራ ላደግን ልጆች ይህ አቤቱታ ለጆሮ አዲስ አይደለም፦ «ማታ በሰላም ያቆምኳት መኪና ጠዋት አልነሳ አለች።» መልሱም ያው ነው፤ ባትሪ ቀይር። ሰውዬው ይቀይራል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

በዛሬ መኪና ቁልፍ ሲነቀል ሁሉም ነገር አይጠፋም። በውስጡ ያሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ይተኛሉ እንጂ። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከርነል ሥራ ሲያጣ ፕሮሰሰሩን ያስተኛዋል፤ የሚቀሰቅሰውም አስቀድሞ የተፈቀደለት ኢንተራፕት ብቻ ነው፦ የሪሞት ምልክት፣ የበር መከፈት፣ ሰዓት ቆጣሪ። (ለፈጅር የሞላነው አላርም ተኝቶ ባደረ ስልክ ላይ የሚጮኸውም በዚሁ መንገድ ነው።) ኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ጂፒኤስ በመስመሩ ላይ መልእክት መላክ ካላቆመ ግን ሌሎቹም እንቅልፍ የላቸውም።

60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 50 ሚሊ አምፒር ቢሳብበት 50 ቀን ይቆያል፤ 1 አምፒር ቢሳብበት በ60 ሰዓት ያልቃል። ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው።

ሳይለኩ ባትሪ መሸጥ፣ ባለማወቅም ቢሆን፣ የሰው ሐቅ የሚነካ ይመስለናል። ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። እኛስ? ላብ ውስጥ መብራቷ ብልጭ ካለች ማርክ እናገኛለን፤ ቦርዱ ተኝቶ ስንት ይስባል ብሎ የጠየቀን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ፕሮጀክት የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች፣ መልቲሜትር ይዛችሁ አንድ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ሶማሌ ተራ ውረዱ። መኪናውን ቆልፋችሁ እስኪተኛ ጠብቁ፤ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ከዚያ ፊውዝ በተራ እየነቀላችሁ የማይተኛውን ፈልጉ።