«ይገጥማል» ስለሚባለው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የእግር ዕቃ

በመለዋወጫ ንግድ ውስጥ «ይገጥማል» የሚለውን ያህል ብዙ ዕቃ የሸጠ፣ ብዙም ጠብ ያስነሣ ቃል የለም። ገዢው አሮጌውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ባለሱቁ አዲሱን ከመደርደሪያ አውርዶ ጎን ለጎን ያስተያየዋል፤ ርዝመቱ ከርዝመቱ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ከቀዳዳው ሲተካከል «ይገጥማል» ይባልና ወደ ዋጋው ይታለፋል። የቪትዝና የኮሮላ ዕቃ በሶማሌ ተራ ለብዙ ዘመን የተሸጠው በዚህ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የከፋ ነገር አልደረሰም። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከመጣ ወዲህ ግን ይህ አሠራር ለገዢውም ለሻጩም አደገኛ እየሆነ ሄዷል።

እንደሚታወቀው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች የቀረጥና የታክስ ማቃለያ ፈቀደ፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ አስመጪዎች ፊታቸውን ወደ ቻይና አዙረው ቮልስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ፣ ቢዋይዲና ሌሎችንም በብዛት አስገብተዋል። ቀድመው ከገቡት መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ያረጁ ናቸው። ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው በየጊዜው የእግሩን ዕቃ ማሻሻላቸውን አላቋረጡም። ስለዚህ ባለአውቶሞቢሉ «የአዲሱ ሞዴል ዕቃ ከተሻለ ለእኔም ይግባልኝ» ቢል ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱን መስጠት ያለበት ግን ጋራዡ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ያስመጣውና የሸጠው ነጋዴ ጭምር ነው።

ነገሩን ከቀድሞው የሚለየው ከሁሉ በፊት ክብደት ነው። አንድ ቪትዝ 1,000 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ትልቁን ባትሪ የተሸከመ አይዲ ፎር ከ2,000 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ባትሪው ብቻውን 500 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሸክም በኮብልስቶንና በመንገድ ጉብታ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚያርፈው ጎማውን ከአካሉ ጋር በሚያያይዙት ክንዶች፣ በሞላው፣ በሾክ አብዞርበሩና ቦኮላ በሚባለው የጎማ ማቀፊያ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተርም ፔዳሉ ገና ሲረገጥ ጉልበቱን ስለሚሰጥ በእግሩ ዕቃ ላይ ሌላ ጭነት ይጨምራል። ስለዚህ በቪትዝ ላይ በመንኳኳት ብቻ የሚያልፍ ጉድለት በዚህ ላይ በዚያው ይቀራል ብሎ መተማመን አይገባም።

የአዲሱን ዕቃ ለአሮጌው ማድረግ በራሱ ነውር አለመሆኑን የቴስላ ታሪክ ያስረዳል። ኩባንያው ሞዴል ኤስ የተባለውን አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ2012 መሸጥ ጀመረ። በኦክቶበር 2020 በቻይና ከሴፕቴምበር 2013 እስከ ጃንዋሪ 2018 ድረስ የተሠሩ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ ወደ ጋራዥ እንዲጠሩ ተደረገ። የፊተኛው እግር አንድ ማያያዣና የኋለኛው እግር የላይ ክንድ ብርቱ ምት ሲደርስባቸው ሊጎዱና በኋላ ሊሰበሩ ይችላሉ ተብሎ ነበርና በተሻሻሉት እንዲለወጡ ታዘዘ። እንግዲህ አዲሱን ዕቃ ለአሮጌው አውቶሞቢል ያደረገው ፋብሪካው ራሱ ነው። ኩባንያው ግን በዚያው ዓመት ለአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በጻፈው ደብዳቤ ዕቃው ጉድለት እንደሌለበትና ምክንያቱ የአነዳድ ጉዳት እንደሆነ፣ በቻይናም ያለው አጠቃቀም በተለይ ከባድ እንደሆነ ተከራክሯል። የሻንጋይ አውራ ጎዳና «ከባድ» ከተባለ ያልተጠናቀቀውን የሰፈር መንገድ ምን ሊሉት ነበር? አስመጪው ከዚህ የሚይዘው ቁም ነገር አለ፤ ዕቃው በተሰበረ ጊዜ ፋብሪካው ጥፋቱን በመንገዱ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ደንበኛው ግን የሚያውቀው የሸጠለትን ሱቅ ብቻ ነው።

እንግዲህ የተሻሻለው ዕቃ ካልተሻሻለው የሚለየው በምንድን ነው? በዓይን ሁልጊዜ አይለይም፤ የሚለየው በቁጥሩ ነው። የቴስላ ዕቃ ቁጥር በአንድ የላቲን ፊደል ይፈጸማል፤ ፋብሪካው ዕቃውን ሲያርመው ፊደሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የቮልስዋገን ዋና ቁጥር ደግሞ ዘጠኝ ምልክት አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አውቶሞቢሉን፣ ቀጥሎ ያሉት ሦስት የዕቃውን ክፍል፣ የቀሩት ሦስት ዕቃውን ራሱን ያመለክታሉ። ቀኝና ግራ ላለው ዕቃ የመጨረሻው አሐዝ ጎዶሎ ሲሆን ለግራ፣ ሙሉ ሲሆን ለቀኝ ነው። ከዚህ በኋላ ፊደል ሊከተል ይችላል። ብዙ ስሕተት የሚሠራው በዚህች ፊደል ላይ ነው፤ ምክንያቱም የኋለኛው ፊደል ሁሉ የፊተኛውን ይተካል ማለት አይደለም። አንዳንዱ እርማት ነው፤ አንዳንዱ ግን ለሌላ ክብደት ወይም ለሌላ ዓይነት እግር የተሠራ ሌላ ዕቃ ነው። የፋብሪካውን ማውጫ በ17ቱ የሻሲ ምልክቶች ሳይመለከት በፊደል ብቻ የሚያዝ ነጋዴ ገንዘቡን ለዕድል ሰጠ ማለት ነው። የሻሲው ቁጥር በላቲኑ «ኤል» ከጀመረ አውቶሞቢሉ የቻይና ሥራ ነው፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ጀርመን አገር ለተሠራው የታዘዘው ዕቃ ሁሉ ለእርሱም ይሆናል ብሎ ማሰብ አይገባም።

የተሻሻለ ክንድ ፋብሪካው ለአሮጌው ፈቅዶ በማውጫው ከጻፈው ያለ ፍርሃት ሊመጣና ሊሸጥ ይገባዋል፤ ከዚህ የተሻለ ሸቀጥም አይገኝም። ሞላና ሾክ አብዞርበር ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተመዛዝነው የተሠሩ ናቸው፤ ሞላው ሸክሙን ይችላል፣ ሾክ አብዞርበሩ የሞላውን መዝለል ይገታል። ፋብሪካው ሞላውን የሚመድበው በአውቶሞቢሉ ክብደት ሲሆን በቀለም ነጥብም ምልክት ያደርግበታል። ስድስት ወይም ሰባት ሰው ለሚጭነው አይዲ ሲክስ የተመደበ ሞላ «ጠንካራ ነው» ተብሎ ለአይዲ ፎር ቢሸጥ፣ ባለቤቱ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በወገቡ ይቆጥራል፤ ጎማውም መሬቱን በደንብ አይጨብጥም። ስለሆነም የአዲሱን ሞዴል ሞላ የሚሸጥ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር፣ ቀኙንም ከግራው ጋር በአንድነት መሸጥ አለበት። አንድ ቀኝ ብቻ የሚጠይቅ ደንበኛን መመለስ ለባለሱቅ ከባድ ነው፤ ሆኖም በአንድ ጎን አዲስ በሌላው ጎን አሮጌ ያለበት አውቶሞቢል ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል።

ሽቦ ያለበት ሾክ አብዞርበርና በአየር የሚሠራ እግር እስከነጭራሹ ባይነኩ ይሻላል። ቴስላ በአፕሪል 2019 ለሞዴል ኤስ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አዲስ የአየር እግር አወጣ፤ ጥሩነቱ አያጠራጥርም። ከዚያ በፊት ለተሠራው ግን ብረቱ ቢገጥም እንኳ የሚያዝዘው ኮምፒዩተር አይገኝለትም። ከቻይና የሚፈርሱ አውቶሞቢሎች ዕቃ ሲሸጥ ይህን የመሰለ ውድ ዕቃ በርካሽ ይቀርባል፤ ርካሽ የሆነበትንም ምክንያት ሻጩ አይናገርም።

ከሱቁ ከወጣ በኋላ ዕቃውን የሚያበላሸው ደግሞ አገጣጠሙ ነው። ቦኮላው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ጎማ ስለሆነ፣ አውቶሞቢሉ በክሪክ ተሰቅሎ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ወደ መሬት ሲወርድ ጎማው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ጥቂት ወር ሳይቆይም ይቀደዳል። ትክክለኛው አሠራር እግሩ ሸክሙን ተሸክሞ በሚቆምበት ከፍታ ላይ አድርጎ መጨረሻውን ማጥበቅ ነው። የእነዚህ አውቶሞቢሎች ብዙ ብሎኖች አንድ ጊዜ ከተፈቱ በኋላ በአዲስ እንዲለወጡ ፋብሪካው ያዛል፤ አሮጌውን ብሎን በዘይት አጥቦ መመለስ ቁጠባ መስሎ የሚታይ ጥፋት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጎማ አላይመንት መያዝ አለበት፤ በመስተዋቱ ላይ ካሜራ ላለውም እንደ ሥራው ዓይነት ካሜራውን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ክሪኩም ከባትሪው ሥር ሳይሆን በተመደበለት ቦታ ብቻ ይደገፋል። ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ የተቀደደው ቦኮላ ግን «ዕቃው ጥሩ አልነበረም» ተብሎ የሚመለሰው ወደ እርሱ ነው።

አስመጪዎች በዚህ ላይ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዕቃ በመጋዘን ማስቀመጥ የሚያስወጣው ብር ብዙ ነው፤ በየፊደሉ የተለያየ ክንድ ማከማቸትም ካፒታልን ያስራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉን ማከማቸት አያስፈልግም። በብዛት ለገቡት ጥቂት ዓይነቶች ፋብሪካው የፈቀደውን የተሻሻለ ክንድ ከነአዲስ ብሎኑ በጥንድ መያዝ፣ ሌላውን በሻሲ ቁጥር ተቀብሎ በትእዛዝ ማምጣት ይቻላል። አሥር ዓይነት ዕቃ «ይገጥማል» በሚል ግምት አስመጥቶ ግማሹ ከመደርደሪያ ሳይወርድ ከሚቀር ይህ በእጅጉ ይረክሳል።

ለዚህም መነሻ የሚሆነው ትንሽ ነገር ነው። አስመጪው በፋክቱሩ ላይ የዕቃውን ሙሉ ቁጥር ከነፊደሉ ያጽፍ፤ ባለሱቁም ለደንበኛው በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ያንኑ ቁጥር ከአውቶሞቢሉ የሻሲ ቁጥር ጋር ይጻፍ። ዕቃው አልሆነም ተብሎ ሲመለስ አስመጪው፣ ባለሱቁና ጋራዡ በአንድ ወረቀት ላይ ይነጋገራሉ፤ ስሕተቱ ከማዘዙ ይሁን ከመሸጡ ወይም ከመግጠሙ በዚያው ይለያል።